ክሬኔ፣ ሥራ መጣልሽ

ክሬኔ፣

እንዴት ነሽ? ጀርባሽስ? አዎ፣ ጠፋሁ። ምክንያት ብደረድርልሽ አታምኚኝም፣ እኔም ራሴን አላምነውም። ይቅር በይኝና እንለፈው። ደግሞ ያው እንደጠረጠርሽው ጉዳይ ገጥሞኝ ነው ብቅ ያልኩት። "ድሮም ስትፈልገኝ ነው የምታስታውሰኝ" ብለሽ ከንፈርሽን ስታጣምሚ ይታየኛል። ልክ ነሽ። አሁን ስሚኝ።

ማስተርስ ጀምሬያለሁ። እናቴ ደህና ናት። ክብደት ጨምሬያለሁ፣ እንኳንም ያኔ ስንማር ሆነ እንደ ክሬን ተሸክመሽ ፎቅ ያወጣሽኝ። አላገባሁም። የቀረውን ስንገናኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ የላይብረሪው መግቢያ ላይ አዲስ ራምፕ፣ የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ ተሠራ። ሊመረቅ ነው። ዲኑ ቢሮው ድረስ አስጠራኝና "ሪባኑን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ሆነሽ በራምፑ ትወጫለሽ" አለኝ። ፎቶ አንሺ ተጠርቷል። ሰውየው ከልቡ ደስ ብሎታል። ደስታውን እያየሁ ምን ልበለው? "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ራምፑን ግን በዊልቸሬ አልወጣውም። አልችልም።

ማታ ሰው ሲሳሳ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ደረጃው ስድስት ነው፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲሜትር። በጠቅላላው 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ማለት ነው። ራምፑ ርዝመቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? አራት ሜትር ተኩል! ለአንድ ሜትር ከፍታ አምስት ሜትር፣ 1 ለ 5። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፣ እኔም ብቻዬን የምወጣው እሱን ነው። በዚያ ሂሳብ 10 ሜትር ከ80 ያስፈልገው ነበር። የአሜሪካኖቹ መመሪያማ ከፍታው ከ76 ሳንቲሜትር ካለፈ መሐል ላይ ማረፊያ ጨምሩ ይላል። ላንቺ ለመሐንዲሷ ይህን ማስረዳቴ ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ግን የሚሰማኝ አጣሁ።

ቁልቁለቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ላዩን ሴራሚክ አልብሰውታል። የሚያብረቀርቅ፣ ፊትሽን የምታዪበት። ዝናብ ሲነካው ጎማዬ ቦታው ላይ ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይልም። አናቱ ላይ ደግሞ ሜዳ ቦታ የለም፣ ራምፑ ሲያልቅ በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። በይ አስቢው፦ ሽቅብ እየገፋሽ ደርሰሻል፣ በሩን ለመሳብ አንድ እጅሽን ከጎማው ላይ ታነሻለሽ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሩን ለቅቀሽ ጎማውን ትይዣለሽ፣ በሩ ይዘጋል። ከውስጥ መስታወቱን አልፎ የሚያይሽ ተማሪ ደግሞ ፈገግ ይልልሻል።

ለአንዱ የአስተዳደር ሠራተኛ ነገሩን ቀስ አድርጌ አነሳሁበት። "ምን ችግር አለው፣ የሚገፋሽ ሰው አይጠፋም" አለኝ። በክፋት አይደለም። የሚገፋኝ ሰውማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? አንቺ ምስክሬ ነሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው አስቤ ትቼዋለሁ። አሁንም እንዳትቀየሚ። ያኔ ስትሸከሚኝ አልወደውም ነበር። አንቺን አይደለም፣ መሸከሙን። ሦስተኛ ፎቅ አድርሰሽኝ ወደ ክፍልሽ ስትሮጪ ወንበሬ ታች ይቀር ነበር። እኔ ያስቀመጥሽኝ ቦታ እንዳለሁ እስክትመጪ እቆያለሁ። መስኮቱ ቢበርደኝ መስኮቱ ጋ ነኝ። አጠገቤ የማልወደው ሰው ቢቀመጥ አጠገቡ ነኝ። ጠዋት ውኃ የማልጠጣውም ለዚያ ነበር። "ውኃ አልወድም" ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ውኃ በጣም ነው የምወደው!

ሌላም አለ፣ አንዴ ከጀመርኩ። እኔ የምፈልገው ሒሳብ ነበር። የሒሳብ ክፍሎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ስለነበሩ ምድር ቤት የሚሰጠውን ትምህርት መረጥኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ጥሪዬ ነው" እል ነበር። አንቺንም እንደዚያ ብዬሻለሁ። ጥሪዬ ሳይሆን ሊፍት አልነበረም።

እሺ፣ ከዚህ ወሬ እንውጣ።

አሁን ያለሁበት ግቢ ሊፍት አለው። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ሲወጣ ሊፍቱም ምሳ ይወጣል። በሩ ላይ የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት ሽንት ቤትም አለ። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት እኔ ከገባሁ አይዘጋም። ለነገሩ የተቀመጠው ባልዲና መወልወያ ነው፣ እነሱ ደግሞ መዘጋቱ ግድ አይሰጣቸውም። አንድ ማየት የተሳነው የክፍል ጓደኛ አለኝ፣ ምላሱ ያንቺን ያስንቃል። በእግር የሚዳሰሰው ቢጫ ንጣፍ ቀጥ አድርጎ ወስዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተመው። የኔን የራምፕ ታሪክ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺን የትም አላደረሰሽም፣ እኔን ቢያንስ ከምሰሶው ጋር አስተዋውቆኛል።"

ሰሞኑን ለአንድ ጥናት ብዬ ስለ አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ ሳነብ ነበር። በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እምብዛም የማይችል፣ ሌሊት "የብረት ሳንባ" በሚሉት ግዙፍ የመተንፈሻ ማሽን ውስጥ የሚተኛ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማሽኑን የሚችል ዶርም ጠፋ። የት አሳደሩት መሰለሽ? ግቢው ውስጥ ባለው ሆስፒታል። አልታመመም እኮ፣ ሊማር ነው የመጣው! ቆየት ብሎ እሱን የመሰሉ ሌሎች ተማሪዎች እዚያው ሆስፒታል ገቡና ሐኪም ቤቱ የአካል ጉዳተኞች መብት የትግል ሰፈር ሆኖ አረፈው። ሥራ መሥራት አይችልም ብሎት የነበረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኋላ ራሱ መራው። ይህቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ያ ሆስፒታል ነው። የኛም ራምፕ ያው ነው፣ "ግቢ፣ ግን የሚገፋሽ ይዘሽ" ይላል።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሪባኑን አልቆርጥም ብል ዲኑን አሳፍራለሁ። ከዚያም "እነሱ ምን ቢደረግላቸው አይረኩም" ይባልና ለሚቀጥለው ተማሪ ምንም አይሠራም። ቆርጬ ሁለት ልጆች እየገፉኝ ብወጣ ደግሞ ፎቶው የሚያምር ይሆናል፣ እኔም ውሸቱን ፈርሜ አጸደቅሁ ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ በሪባን!

ያሰብኩት ቀኑ ሳይደርስ ዲኑ ጋ መግባት ነው። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2006) አንቀጽ 9 ልጥቀስለት ይሆን? ተደራሽነት የሚለው ትምህርት ቤትንም ይጨምራል። ወይስ ዝም ብዬ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ "በል ውጣው" ልበለው? ሁለተኛው ያምረኛል፣ ግን ተንሸራቶ ቢሰበር በማን ይመካኛል? ቅሬታ ብቻ ይዤ ከምገባ ሥዕል ይዤ ብገባ ይሻላል። ሥዕል ያለው ሰው ሲናገር ይደመጣል።

ስለዚህ ክሬኔ፣ አሁን ደግሞ በእርሳስ ተሸከሚኝ። ከበሩ በስተግራ፣ ግድግዳውን ይዞ 9 ሜትር ባዶ ቦታ አለ። ሄዶ የሚመለስ ራምፕ ሳይሆን አይቀርም የሚያዋጣው፣ ሁለት መስመር በ5 ሜትር ከ40፣ መታጠፊያው ላይ ሜዳ ማረፊያ፣ በሩ ፊት ደግሞ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል። በሁለቱም ጎን መያዣ ብረት። ሴራሚኩን እርሺው፣ ሻካራ ሲሚንቶ በቂ ነው። የተሠራውን ሳያፈርሱ የሚተርፍ ነገር ካለ አትርፊላቸው፣ ገንዘቡ ይቆጫቸዋል። ልክ ያልሆነ ነገር ካለ አርሚኝ፣ ሒሳብ አልተማርኩም እኮ።

ቦታው ባዶ ነው ያልኩሽ ትንሽ አጋንኜ ነው፣ የአበባ መደብ አለበት። እሱን ሳትፈሪ ነክተሽ ሥሪ። አትክልተኛውን እኔ አናግረዋለሁ። ከዲኑ ይልቅ የምፈራው ግን እሱን ነው።

የድሮዋ ሸክምሽ