የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ፦ ከጓሮ አፈር እስከ ስድስት ኪሎ

ዘንድሮም በወላጆች ስብሰባ ላይ «ሥዕል ለማትሪክ ምን ይጠቅማል?» ተብለን ተጠይቀናል። ጠያቂዎቻችን ቤት ሲገቡ መሶባቸውን ልብ ብለው እንዲያዩልን እንለምናለን። መሶብ ቀለም ባይኖረውም እንጀራ ይይዛል። ሰፊዋ ግን አክርማዋን ነክራ፣ ዙሩን ቆጥራ ጥለት ታወጣበታለች፤ ኑሮ በጠበበበት ቤትም ጥለቱ አይቀርም። «ይህ ትርፍ ነው» ብሎ ያስቀረ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ዓርብ ዓርብ ተካሂደዋል፣ ኃላፊዎች ተመርጠዋል፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ፖስተር ተሠርቷል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤው አለ።

የቀለም መግዣ ስላልተፈቀደልን ቀለሙን ከአፈር ለመሥራት ተነሣን። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ አፈሩን እንዳለ በጥብጠን ስንቀባው ደርቆ እንደ አሸዋ ረገፈ። መላውን ያመጣችው በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ ከለገጣፎ ወዲያ ባለው መንደራቸው የቤታቸውን ግድግዳ በአፈር ቀለም ያስጌጣሉ። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውኃ በጠበጠች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ድፍርሱን በአሮጌ ነጠላ አጥልላ ወደ ሌላ ባልዲ ገለበጠች። «ቶሎ የሚወርደው አሸዋ ነው፤ ቀለሙ ዘግይቶ የሚወርደው ነው» አለችን። ድፍርሱ ካደረ በኋላ ከላይ የጠራው ውኃ ተደፋ፣ ከሥር የቀረው ጭቃ በላስቲክ ላይ ደርቆ ተፈጨ። በፊት ወንበር ላይ እንኳ ደፍራ የማትቀመጥ ልጅ የ11ኛ ክፍሎቹን ስታዝ ማየት ደስ ያሰኝ ነበር።

ቢጫውን አፈር በቆርቆሮ ላይ አድርገን በከሰል ምድጃ ስንቆላው ቀላ። በአፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ጋር የተያያዘው ውኃ በሙቀት ስለሚወጣ ነው፤ የኬሚስትሪ ክፍል እንግዳ ቢሆንልን ደስ ይለናል። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ4,000 በላይ የዚህ ዓይነት የቀለም ድንጋይ ቁራጮች ከነመፍጫቸው ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ያህል፣ ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ነው። እርሻ ሳይታወቅ፣ እንጀራ ሳይጋገር በፊት ሰው ቀለም ይፈጭ ነበር ማለት ነው።

ማጣበቂያችን የእንቁላል አስኳል ነው። ሽፋኑ ተወግቶ ይፈሳል፣ በመጠኑ ውኃ ይቀጥናል፣ ከቀለሙ ሊጥ ጋር እኩል ለእኩል ይደባለቃል። ደርቆ ጣት ላይ ከቀረ አስኳሉ አንሷል፤ ካብረቀረቀና ከተጣበቀ በዝቷል። በዕለቱ ካላለቀ ይሸታል። ከሥር ለሚቀባው ነጭ ቅብ ጀሶ በቀጭን ኮላ በጥብጠን ተጠቀምን። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተመትተናል፦ ጀሶው ኩባያ ውስጥ እንዳለ ደረቀ (ብዙ ውኃ ጨምሮ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል)፤ ቀጥሎ ኮላ አበዛንና ነጩ ቅብ ቀለሙን አልመጥ ብሎ ሥዕሉ ተላጠ።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ የኢትኖሎጂ ሙዚየም ስንሄድ ልጆቹ የቅዱሳን ሥዕሎቹን የሚያዩበት ዓይን ተለውጦ ነበር። የተሰነጠቀውን ጠርዝ፣ በተላጠው በኩል ብቅ ያለውን ነጭ ጀሶና እንጨቱን ነበር የሚፈልጉት። ጥበቃው በጣም መጠጋታቸው አሳስቦት «ራቅ በሉ» ቢልም፣ አንዱ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ይኼ ሰውዬ ኮላ አላበዛም» ሲል ሰምቶ ሳቀ።

ክበቡ አሁንም የሚሰበሰበው የተሰበሩ ወንበሮች በሚቀመጡበት መጋዘን ነው። የዝናብ ወራት ሲገባ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ የተፈጨ ቀለምም አንድ ጊዜ ጠፍቶብናል። ለእግር ኳስ ክበብ አዲስ ማሊያ ሲገዛ አጨብጭበናል፣ ወደፊትም እናጨበጭባለን። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ቁልፍ ያለው አንድ ካቢኔ፣ ሁለት ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ጥቂት ጣውላና አንድ ሚኒባስ ለግማሽ ቀን ነው። እንቁላሉን ከየቤታችን እናመጣለን።