ለሽጉጥስ ሊብሬ ቢኖረው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ ጦር መሣሪያ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ መሣሪያ የሚወድ ሰው ወይ ሽፍታ ነው ወይ ኮንትሮባንዲስት ነው የሚል ይመስላል። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። የሰሜን ሸዋ ሰው ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው፤ ኑሮዬ ደብረ ብርሃን። በወጣትነቴ በቀድሞው ሠራዊት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ዛሬም ፈቃድ ያላት አንዲት ማካሮቭ ሽጉጥ አለችኝ። እወዳታለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም።

መሣሪያ መውደድ ግን ሰርግ ቤት እየሄዱ ሰማይ መደብደብ አይደለም። ይሄን አስቀድሜ ልበለው፣ ምክንያቱም ስማችንን ያጠፋው እሱ ነው። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ቤት አይቀርም። ተመልሶ የሰው ጣራ ላይ ይወርዳል፤ አንዳንዴም የሰው አናት ላይ። በሰርጉም በለቅሶውም ጥይት የሚያባክን ሰው፣ ነገ ጥይት ጠፋ፣ ተወደደ ብሎ ሲያለቅስ አላዝንለትም።

ስለ ሽጉጥ ከተነሳ የልቤን ላውራ። በእኛ ሀገር ሽጉጥ አይቶ ዘመኑን መናገር ይቻላል። ጃንሆይ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የተፈራረሙት በ1945 ዓ.ም. ነው፤ ኮልት 45ን የማውቃት በዚያ ዘመን መኮንኖች ወገብ ላይ ነው። ደርግ ፊቱን ወደ ሶቭየት ሲያዞር ማካሮቭ መጣች። መኮንኑም ካድሬውም ወገቡ ላይ እሷው ነበረች። ስታር የምንላት ደግሞ የስፔን ናት። ፋብሪካው በባስክ ምድር ኤይባር በምትባል ከተማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ዛሬ ስታር ልግዛ የሚል ሰው ሞላዋ ሲሰበርበት መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጣ ቀድሞ ያስብ።

ማካሮቭ ባዶዋን 730 ግራም ናት። ካዝናዋ 8 ጥይት ይይዛል። የካዝናው መልቀቂያ እጀታዋ ግርጌ ስለሆነ ለመለወጥ ሁለት እጅ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ጉድለት ይለዋል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ካዝናው ሳይታወቅህ መንገድ ላይ አይወድቅም። መቆለፊያዋ በግራ ጎኗ ነው። ወደ ላይ ስትገፋው መቺዋን በሰላም አውርዶ ይቆልፋል። ሌላዋ የሶቭየት ሽጉጥ ቶካሬቭ እንዲህ አይደለችም። በመጀመሪያ አሠራሯ መቆለፊያ የሚባል ነገር የላትም። ቀጭን ናት፣ ታምራለች፣ ጥይቷም ኃይለኛ ነው። ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ የሚሻጣት ሰው ግን በገዛ ጭኑ እየቀለደ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ሰው ሽጉጥ ሲያቀብላችሁ ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ከዚያ አቀባብላችሁ ውስጡን በዓይናችሁ እዩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው እያለ ካቀባበላችሁ በኋላ ካዝናውን ብታወጡት፣ አንዷን ጥይት ራሳችሁ አጉርሳችኋታል። "ባዶ መስሎኝ" የሚባለው አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥይቱ ልምጣ። ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። "ዘጠኝ ነው" ይሉሃል። የትኛው ዘጠኝ? የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተተኩሶ የሚወጣው እርሳስ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የብራውኒንግና አሁን ገበያውን የሞላው የቱርክ ሽጉጥ በብዛት 9 በ19 ነው። በአፍ ሲነገር የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ይመስላል። ግን የማካሮቭ እርሳስ ወፈር ያለ ነው፤ ከ9.2 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ የሌላኛው 9 ላይ ይቆማል። አንዱ ለሌላው አይሆንም። 7.62 የሚባለውም እንዲሁ ነው። የቶካሬቭ ቀለህ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የክላሽ 39፣ የጂ-ስሪ ጠመንጃ 51፣ የድራጉኖቭ ጠመንጃ 54 ነው። ሁሉም 7.62 ይባላሉ። ደላላው ለዚህ ግድ የለውም፤ እሱ የሚያውቀው ብር መቁጠር ነው።

ደግሞ አሮጌው ጥይት አለ። የድሮው የሶቭየትና የቻይና ወታደራዊ ጥይት ብዙው ቀለሁ ግርጌ ያለችው ቀስቃሽ ስትመታ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትታ ትሄዳለች። ጨው እርጥበት ይስባል። ጣርማበር ላይ ጉሙ ለቀናት ሳይገለጥ ሲቀር፣ ተተኩሶ ሳይጸዳ ያደረ መሣሪያ በሳምንቱ ውስጡ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዘይት ብቻውን ጨው አያወጣም። መጀመሪያ በፈላ ውኃ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ዘይት። አባቶቻችን ምንሽራቸውን በፈላ ውኃ ሲያጥቡ እንደ እብደት የሚያየው ወጣት ብዙ ነው። እነሱ ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

ጥይት እህል ጎተራ ውስጥ የሚቀብር አለ። ጭስ በሚያጥነው ማጀት ጣራ ስር የሚሸጉጥም አለ። ዓመት ቆይቶ ሲያወጣው ቀለሁ አረንጓዴ ለብሷል። እንዲህ ያለ ጥይት ተመቶ ከከሸፈ በኋላ ወዲያው አቀባብለህ አትጣለው፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። እጅህ ላይ ቢፈነዳ ምን ሊያደርግህ እንደሚችል አስብ።

ይሄን ሁሉ የማወራው እውቀት ለማሳየት አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው ደህና ጥይት በደረሰኝ የሚገዛበት ቦታ እኔ በምኖርበት አካባቢ አላየሁም። ሀገሪቱ ጥይት የሌላት እንዳይመስላችሁ፤ አምቦ አጠገብ ያለው ሆሚቾ የሚባለው ፋብሪካ ጥይት ያመርታል። ነገር ግን ሕጋዊው ሰው ፈቃዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ለጥይቱ ሕገ ወጡ ጋር ይሄዳል። ወይም እንደኔ ያለችውን ቆጥሮ ይቀመጣል።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ። ልገዛው ነው" አለኝ። ፈታሁት። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የሚያምር የቱርክ ሽጉጥ ይመስላል። ቁጥሩ የነበረበት ቦታ በሞረድ ተፍቋል። ያ ብቻውን በቂዬ ነበር። ቢሆንም ከመሳቢያዬ ማግኔት አውጥቼ የላይኛውን አካል ነካሁት። አልያዘም። ብረት አይደለም ማለት ነው። ለጩኸት ብቻ የተሠራ የድምፅ ሽጉጥ ነበር፤ የሰው እጅ ነካክቶት እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ተደርጓል። እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ የሚያቆስለው የያዘውን ሰው ነው።

"ሻጩን ታውቀዋለህ?" አልኩት።

"ደላላው ያውቀዋል።"

"ደላላውንስ?"

"ጓደኛዬ ያውቀዋል፣ ጋሼ።"

"ጓደኛህ ደግሞ ማንን ያውቃል?" ስለው ሳቀ። የጠየቁት ብር የአንድ ደህና በሬ ዋጋ ነበር። ፈቃድም የለውም፣ ዛሬውኑ መልስ አልኩት። ይመልስ አይመልስ እንጃ።

ቢመልሰውስ፣ ያ ሽጉጥ ወዴት ሄደ? ለሌላ ልጅ ነዋ። ቁጥሩ የተፋቀውስ ለምንድን ነው? ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ሰው ተገድሎበታል። ነገ ልጁ ኬላ ላይ ቢያዝ ያልሠራው ደም ይከተለዋል። የሻጩን ስም አያውቅም። ምስክር የለውም። ውል የለውም። መኪና ስንገዛ ሊብሬ እናያለን፣ የሻንሲ ቁጥር እናመሳክራለን፣ እዳና እግድ እንዳለበት እናጣራለን። ሰው ለሚገድል ዕቃ ግን ማጣሪያው የጓደኛ ጓደኛ ነው።

የኔ ጥያቄ እንግዲህ ይሄ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ጥሩ። ኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. ቀላል የጦር መሣሪያን ለመቆጣጠር የወጣውን የናይሮቢን ፕሮቶኮል ፈርማለች፤ ፕሮቶኮሉ መሣሪያ ላይ ምልክት እንዲመታ፣ መዝገብም እንዲያዝ ይጠይቃል። ይሄም ጥሩ። የጎደለው ተራ ሰው የሚደርስበት መስኮት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን ፈቃድ ላለው ሌላ ሰው በፖሊስ ፊት የሚያዛውርበት መስኮት። ቁጥሩ "ንጹሕ ነው" ወይም "ይፈለጋል" ተብሎ የሚመለስበት። ጥይት በፈቃዱ ቁጥር ልክ፣ በደረሰኝ የሚገኝበት። አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ቢቻልም መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ።

መሣሪያ በወረቀት መገበያየት ለሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዞቹ ጋር ውል ሲፈራረሙ ካፒቴን ሃሪስ አንኮበር ድረስ 300 ጠመንጃ ስጦታ ይዞ መጥቶ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ አንኮበር ገባ። ምኒልክ አንኮበር አልነበሩምና እንጦጦ ድረስ ሄዶ አገኛቸው። የሞተው ሸሪኩ ባለዕዳ ነበር ተብሎ ከዋጋው ተቀነሰበት፤ ለቀሪው ሐረር ላይ ኋላ ራስ ከሆኑት ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ሰውዬው ተበደልኩ እያለ ብዙ ደብዳቤ ጽፏል። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያኔ እንኳ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደተሸጠ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የአንዲት ሽጉጥ ሻጭ አይታወቅም።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። "ከተመዘገብን ነገ መጥተው ያስፈቱናል" የሚለው ነው። በየቤቱ የሚባል ነገር ነው፣ ለምን እንደሚባልም ይገባኛል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያየ ሰው ጠመንጃውን በመዝገብ ላይ ለማስፈር ቢያመነታ አልፈርድበትም። አሁን ያለንበት ጊዜም የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ መንግሥት "ኑ ተመዝገቡ" ከማለቱ በፊት የተመዘገበ መሣሪያ በምን ምክንያት ሊወሰድ እንደሚችል፣ በማን ትዕዛዝ፣ ይግባኙስ የት እንደሚባል በግልጽ ጽፎ ቀበሌ በር ላይ ይለጥፍ። ይህ ሳይሆን ምዝገባ ቢጠራ የሚመጣው የተሰበረ ጓንዴ ብቻ ነው፤ ደህናው መሬት ውስጥ ይቀራል።

የውርስ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ አገር ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ከጣልያን የተማረከ መሣሪያ ዛሬም ከነታሪኩ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤተሰብ አለ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝና በአንኮበር ሲዋጉ የያዙትን ማለቴ ነው። አባት ፈቃድ ነበረው እንበል። ይሞታል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ልጁ በራሱ ስም ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ ይቀራል። አንድ ጎረቤቴ የአባቱን ጠመንጃ በስሙ ለማዛወር ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶ፣ አንዱ "የኛ ሥራ አይደለም" ሲለው፣ ሌላው "ቆይ መመሪያ ይመጣል" ሲለው፣ መጨረሻ ላይ ተወው። ጠመንጃው አልጋ ስር ነው። ሰውዬው በሕይወቱ የሰው ዶሮ ሰርቆ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ሕገ ወጥ ማድረግ ለማን ይጠቅማል?

ጋዜጣችሁ ከእኛ ይልቅ ለባለሥልጣን ይቀርባልና አንድ ነገር ጠይቁልን። ፈቃድ ያለው የሰሜን ሸዋ ነዋሪ ጥይት በደረሰኝ የሚገዛው ከየት ነው? መሣሪያ ሲወርስስ የትኛውን በር ያንኳኳ? መልሱን ከነቢሮው ስምና ከነሥራ ሰዓቱ ብታወጡልን ያንን ገጽ ቀድዶ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ሰው እዚህ ብዙ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን