ፎቶዋን አወጣችሁ፣ እሷን ግን አልጠየቃችሁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ሴት ሥራ ፈጣሪዎችና ስለ ብድር ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ከጽሑፉ በላይ ያደረጋችሁት ፎቶ የሸክላ ሠሪ ሴት ነው፤ ጭሱ ውስጥ ጎንበስ ብላ ምጣድ ስትተኩስ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ የእሷን አንድ ቃል አላገኘሁም። ኃላፊው ተናግሯል፣ አማካሪው ተናግሯል። እሷ ስሟ እንኳ የለም። በእሷ ፈንታ ያገኘሁት «ሴቶች የቀረበላቸውን ብድር በሚፈለገው መጠን ያልተጠቀሙት በግንዛቤ ማነስና የቁጠባ ባህል ባለመዳበሩ ነው» የሚል አረፍተ ነገር ነው። ማን እንዳለውም አልጻፋችሁም።

እኔ የአዲስ አበባ፣ የቀጨኔ ልጅ ነኝ። አያቴም እናቴም ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ እኔም የማድረው በዚሁ ሥራ ነው። ይህን አረፍተ ነገር አንብቤ ዝም ብል እናቴን እንደማሳማ ቆጠርኩት።

እኛ ነን ቁጠባ የማናውቀው? በሰፈራችን እቁብ የሌላት ሸክላ ሠሪ ፈልጋችሁ አምጡ። ጀበናዋን ሸጣ ስትመለስ መጀመሪያ የእቁቧን ትለያለች፣ ከዚያ የእድሯን፣ የልጆቿ ዳቦ ከዚያ በኋላ ነው። አፈሩም ማገዶውም የሚገዛው፣ ልጅም የሚማረው በእቁብ ነው። እቁብ ደርሷት መክፈል ያቆመች ሴት በሰፈሩ ቀና ብላ አትሄድም። የባንክ ደብተር ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ይህ ቁጠባ አይባልም? አረፍተ ነገሩን አርሙልን፤ ያለ ማስረጃ የተጻፈ ስድብ ነውና።

«ግንዛቤ» ለተባለውም መልስ አለኝ። ብድር እንዳለ ሰምቼ ሄጃለሁ። የሄድኩበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ሌላውም ቦታ ያው ነው ይሉኛል። መጀመሪያ የጠየቁኝ የቤት ካርታ ነው። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ተከራይዋ አስይዛ ልትበደርበት አትችልም። ካርታ ከሌለሽ ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ አሉኝ። ዘመዶቼ ወይ ሸማኔ ናቸው ወይ ሸክላ ሠሪ። የወር ደመወዝ የሚበላ ሰው ከየት ላምጣ? እንግዲያው በቡድን ተደራጂ ተባልኩ።

የቡድኑን ነገር ዘርዘር አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ዘጋቢያችሁ ያላየው ይኼንን ነውና። የቡድን ብድር የሚቆመው አንዷ ለሌላዋ ዋስ በመሆን ነው። አንዷ መክፈል ቢያቅታት የቀሩት ይከፍሉላታል። ካርታ ለሌላት ሴት ጥሩ መንገድ ነው፣ አልክድም። ከሌላ ሰፈር ሴቶች ጋር ተሰባስበን ነበር፤ ከየት እንደመጣሁ እስኪታወቅ ሁሉም ደህና ነበር። ከታወቀ በኋላ አንዷ ባሏ እንደከለከላት ነገረችን፣ ሌላዋ ስልኳን ማንሳት ተወች። «እነሱ ቡዳ ናቸው፣ ከነሱ ጋር ዋስ አልገባም» ብላ በግልጽ የተናገረችውም አለች። እኛ በሠራነው ምጣድ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታበላ ሴት ናት ይህን ያለችው። በኤሌክትሪክ የሚጋግረውም ቢሆን ከሥሩ ሽቦ ይሁን እንጂ ከላይ ሊጡ የሚፈስበት በአብዛኛው ሸክላ ነው፤ የሸክላ ሠሪ እጅ ያልነካው እንጀራ የት አለ? ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም አበዳሪው በጎረቤት መተማመን ላይ ብድሩን ሲዘረጋ፣ ያ መተማመን ከጥንት የተነፈገን ሰዎች እንዳለን አይጠይቅም።

ይህ የቀጨኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች በአብዛኛው ከመሬት ተገፍተው የኖሩ ማኅበረሰቦች ልጆች ናቸው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ መሬት ያገኙ አሉ፤ ብዙዎቹ የደረሳቸው ግን ትንሽና ደካማው ነው። አበዳሪ የሚያምነው መሬትና ቤት ብቻ ከሆነ፣ አያቷ መሬት የተከለከለች ሴት ምን ታስይዝ?

ምንም አልተሞከረም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የመደበለት የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ገንዘብ አቅርቧል። የታሰበውም የቡድን ብድር የማይበቃቸው፣ ለባንክ ብድር ግን ያልደረሱ ሴቶችን ለመድረስ ነው። መልካም ሥራ ነው። ያነጣጠረው ግን በከተማ ንግድ አቋቁመው ለማደግ በተዘጋጁት ላይ ነው። እኔ ንግድ ፈቃድ ላውጣ ብል የሥራ ቦታ ውል አምጪ ተባልኩ። ጭቃውን የምናቦካው ቤታችን ውስጥ፣ የምንተኩሰው ደጅ ነው። ሼድ ተጠይቆም እሳት ማንደድ አይቻልም ተብሏል። ሸክላ ያለ እሳት እንዴት ይሠራል?

ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ አዋጅ የዕቃ ክምችትም፣ ገና ያልተከፈለ ተሰብሳቢ ሒሳብም መያዣ መሆን ይችላል። ጀበና ይሰበራል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ምግብ ቤት ያዘዘን ድስት፣ የቡና ቤት የጀበና ትእዛዝ ግን ገንዘብ ነው፣ በውል ላይ ሊሰፍር ይችላል። አከፋፈሉም ቢሆን ከሥራው ጋር ይሂድ። ክረምት ሲገባ ሸክላው አይደርቅም፣ ማገዶው ይረጥባል፣ ሥራው ይቆማል። ገበያችን የሚሞቀው በበዓላት ዋዜማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንደ ሌላው ወር እኩል ክፈሉ የሚል ውል የደመወዝተኛን ኑሮ አይቶ የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ዘጋቢያችሁ ፎቶውን ያነሳበት ቦታ ቆሞ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። አሁንም አልረፈደም። ቀጨኔ ኑ፣ የምትመጡበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ እናቶቻችን ይናገራሉ። ለባንኮችና ለብድር ተቋማት ደግሞ ይህን ጠይቁልን፦ ባለፈው ዓመት በአዋጅ 1147 መሠረት፣ ቤትም መሬትም በመያዣ ሳትይዙ፣ በዕቃ ክምችት ወይም በተሰብሳቢ ሒሳብ ብቻ ለእጅ ባለሙያ ሴቶች ያበደራችሁት ገንዘብ ስንት ነው? ለስንት ሴቶች? የሚሰጧችሁን ቁጥር በዚያው ገጽ አትሙልን።

አንዲት ሸክላ ሠሪ
ቀጨኔ፣ አዲስ አበባ