ስብ ያቃጥላል ተብሎ ስለተሸጠልን እንክብል የቀረበ ቅሬታ

ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምግብ ማሟያ መሸጫ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የይዘቱ መጠን ሳይገለጽ ስለተሸጠ እንክብል

የካቲት 20 ቀን ታናሽ እህቴ ከመደብራችሁ ሁለት ብልቃጥ እንክብል በ8,400 ብር ገዝታለች። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነበርና የቬሎዋ ልክ አሳስቧት ነው የገባችው። ሻጫችሁ «መቶ በመቶ ከተፈጥሮ ነው፤ ጉዳት የሚባል የለውም፤ በ30 ቀን 10 ኪሎ ይቀንሳል» አላት። ጿሚ መሆኗን ስትነግረውም «እንዲያውም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል» ሲል መለሰላት። አጠገቧ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁዳዴን በየማለዳው ሁለት እንክብል በውኃ እየዋጠች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች። መጋቢት 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና አፍልታ ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የጀበናው አፍ ሲኒውን እየነካ ሲንቀጫቀጭ ሁላችንም ሰማን፤ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። «ልቤ አላስቀምጥ አለኝ» አለች። የእጇን ትርታ ይዤ ቆጠርሁ፤ በደቂቃ 124 ነበር።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ የደም ምርመራው የጉበቷ ኢንዛይሞች ከልክ በላይ መሆናቸውን አሳየ። እንክብሉን አቆመች፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ምርመራው ሲደገም ወደ ልኩ ተመልሶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠርጓም በሰላም አለፈ። ሐኪሙ «ምክንያቱ እንክብሉ ብቻ ነው» ብሎ አልፈረደም፤ እኔም ከእርሱ በላይ አውቃለሁ አልልም። እርሱ የጠየቀን ግን ቀላል ነገር ነበር፤ «በአንድ እንክብል ውስጥ ካፌይኑ ስንት ሚሊግራም ነው? የአረንጓዴ ሻዩ ንጥርስ?» መልስ አጣን። ብልቃጡ ላይ «ልዩ ቅይጥ 850 ሚሊግራም» ይላል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ሻይ፣ ጋርሲኒያ ካምቦጂያ (የፍራፍሬ ዓይነት ነው)፣ ካፌይንና መራራ ብርቱካን ተደርድረዋል። የየራሳቸው መጠን የለም። መደብራችሁ መጥቼ ብጠይቅ ሻጩ ብልቃጡን አገላብጦ አይቶ «ያው እዚህ ተጽፏል» ብሎ መለሰልኝ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዬ የንጥረ ነገሩን ስም ጽፎ መጠኑን ቢተው መልስ ሰጠ አልለውም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በአረንጓዴ ሻይ ማሟያዎች ውስጥ የሚገኘው ኢጂሲጂ የተባለው ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ጉዳትን የሚጠቁሙ ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። ሻጫችሁ እህቴን የመከራት ይህንኑ እንድታደርግ ነበር! ካፌይንም ቢሆን ለጤናማ አዋቂ እስከ 400 ሚሊግራም የሚባለው በቀን ውስጥ ከየትም የገባው ሁሉ ተደምሮ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሚጠጣበት ቤት የምትኖር ሴት የእንክብሉን ድርሻ ሳታውቅ ምኑን ከምኑ ትደምር?

10 ኪሎ ይቀንሳል የሚለውንም ነገር ማስረጃውን አሳዩኝ። በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት 135 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። ጋርሲኒያ የወሰዱት በአማካይ 3.2 ኪሎ ሲቀንሱ ለማነጻጸሪያ ጋርሲኒያ የሌለበትን ባዶ እንክብል የወሰዱት 4.1 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ጋርሲኒያው ያመጣው ትርፍ አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች አመጋገባቸውን ቀንሰው ነበርና ክብደቱን ያወረደው እርሱ ነው።

«ከተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃልም አያሳምነኝም። ኢፌድራም ተክል ነው፤ በልብና በአንጎል ላይ ባደረሰው ጉዳት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከማሟያዎች ውስጥ አግዳዋለች። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ ተፈጥሯዊ ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የእናንተው እንዲህ ነው እያልሁ አይደለም። እንዳልሆነ ግን በምን አወቃችሁ? አስመርምራችኋል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን ከአምራቹ ጠይቃችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ የምርቱ የምዝገባ ማስረጃ ካላችሁ ቅጂውን እንድትሰጡኝ፣ ይህ እስኪሆንም ምርቱን ከመደርደሪያ እንድታነሱ እጠይቃለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሻጫችሁ «በባዶ ሆድ ውሰዱ» ማለቱን ዛሬውኑ ያቁም፤ ከእህቴ በፊትና በኋላ የገዙት ሁሉ ተደውሎላቸው ይነገራቸው። የከፈልነው 8,400 ብርም ይመለስልን።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። ስልኬ በደረሰኙ ላይ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ብልቃጥ እንደታሸገ እጄ ላይ አለ፤ ለምርመራ ስለሚያስፈልግ ለእናንተ አልመልሰውም።

ከሠላምታ ጋር
የገዢዋ ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን