አልቢነን ፍራንክ አትበትንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ «መጥቶ ለሚኖርባት ሁሉ ገንዘብ የምትከፍለው የስዊዘርላንድ መንደር» የሚል ስለ አልቢነን የተጻፈ ወሬ አነበብኩ። ወሬው ያረጀ ነው። ግን እንደ አዲስ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር የኔ ስልክ ይጮሃል። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ፎርሙን የሚሞላልኝ ደላላ አግኝቻለሁ፣ አንቺ አድራሻሽን ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ደላላው ቀብድ ጠይቆታል።

የምኖረው እዚሁ ቫሌ በሚባለው የስዊዘርላንድ ካንቶን (ክልል) ውስጥ፣ ከአልቢነን በታች ሸለቆው ላይ ነው። አልቢነን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራው ላይ የተለጠፈች ናት። ወጣቱ ቆላ ወርዶ ሲያልቅ ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማብቂያ ላይ፣ ወደ 240 ሰው ሲቀራት፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ፤ መጥቶ ለሚኖር አንድ አዋቂ 25,000፣ ለአንድ ልጅ 10,000 ፍራንክ እንዲሰጥ።

ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ዕድሜ ከ45 በታች መሆን አለበት። እዚያው ቤት መግዛት፣ መሥራት ወይም ማደስ ያስፈልጋል፤ ያውም ቢያንስ 200,000 ፍራንክ የሚያወጣ። አሥር ዓመት መኖር ግድ ነው፤ ቀድሞ የወጣ የወሰደውን ይመልሳል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ሲ የሚባለውን ቋሚ ፈቃድ መያዝ አለበት። እኔ እንኳ፣ ጎረቤቷ፣ ያለኝ ቢ የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው!

አምና በብርዱ አንድ እሁድ በአውቶቡስ ወጥቼ አየኋት። ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ቤቶች፣ ብዙዎቹ መስኮታቸው የተዘጋ። አንዲት እናት ከመስኮታቸው ሥር ፍልጥ ይደረድራሉ፤ አንዱ ወጣ ካለ በመዳፋቸው መታ አድርገው ያስገቡታል። በሰባራ ጀርመንኛዬ ሰላም አልኳቸው። «ለገንዘቡ ነው የመጣሽው?» ብለው ሳቁ። «መሰላሉን ለማየት» አልኳቸው። ድሮ መንገድ ሳይሠራ የመንደሩ ሰው ወደ ጎረቤቷ መንደር ሎይከርባድ የሚሄደው በገደሉ ላይ በተተከሉ ስምንት የእንጨት መሰላሎች ነበር። ዛሬም አሉ። ጫፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁና ጉልበቴ ከዳኝ፤ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ያኔ ወሬው ዓለምን ሲዞር ማመልከቻ ጎርፎ መንደሯን አጨናንቋት ነበር። የፈለገችው አሥር ዓመት አብሯት የሚከርም ጎረቤት ነው እንጂ ዕጣ የሚጠብቅ ሰልፈኛ አይደለም።

የአክስቴን ልጅ ቀብዱን ሳይከፍል ደረስኩበት። ስንቱ እንደከፈለ እንጃ። እባካችሁ እርማቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ ርዕሱን ባወጣችሁበት ትልቅ ፊደል አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቫሌ