ገዳይ በአፈሳ አይገኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ባሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ነዋሪው ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ «ፖሊስ ለምን አያፍስም?» የሚል ነው። ይታፈሳልም። ከግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛው፣ ከግቢ በር ጥበቃው ተለቅሞ ይገባል። በድሮው አውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ይቀመጥ ነበር። ያም የሚያስኬደው፣ ካስኬደ፣ ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት አገር ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቱን ስም የሚያውቅ ስንቱ ነው?

የአፈሳው ጉዳት ንጹሃንን በማንገላታት ብቻ አያበቃም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የምርመራ ቀጠሮውም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አያልፍም። መርማሪው ያንን ጊዜ የሠላሳ ሰው ቃል ሲቀበል ከከረመ፣ የካፌውና የጋራዡ ካሜራ በአሮጌው ቀረጻ ላይ አዲሱን ይቀዳበታል። የብዙዎቹ መቅጃ እንደ ዲስኩ መጠን ከጥቂት ሳምንት በላይ አያቆይም።

ፍለጋ የሚጀምረው ከሟች ነው። የመጨረሻው 24 ሰዓት ወረቀት ላይ በየሰዓቱ ይዘረጋል፤ የት ዋለ፣ ከማን ጋር ታየ፣ ማን ደወለለት፣ በቴሌብር ለማን ከፈለ። ባዶ የቀረው ሰዓት መርማሪውን ይመራዋል። ጎረቤትም ሲጠየቅ «ማንን ትጠረጥራለህ?» ከሚባል ይልቅ በማግስቱ ቤት የለቀቀ ተከራይ ማን እንደሆነ፣ ሥራ ሳይገባ የቀረ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ይሻላል። የተከራይን መታወቂያ ኮፒ የማያስቀሩ አከራዮች እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት አለባቸው።

መዝገብ ክፉኛ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። ምስክሩ «ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ማለቱ ነው። የስልክ ጥሪ ዝርዝሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ 01:00 ብሎ ያስቀምጠዋል። መርማሪው የማክሰኞን ብቻ ካስመጣ፣ ወይም 7ን 07:00 አድርጎ ካነበበ፣ ተፈላጊው ስልክ ሳይነካ ያልፋል። የካሜራ ሰዓትም መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ቅጂው ሲወሰድ መቅጃው የሚያሳየውን ሰዓትና ትክክለኛውን ሰዓት ጎን ለጎን ፎቶ ማንሳት፣ ልዩነቱንም በደቂቃ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስልክ ከተሰረቀ ገዳይ ሲሙን ይጥላል እንጂ ቀፎውን ብዙ ጊዜ አይጥልም። ቀፎው 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል መለያ አለው፤ ሌላ ሲም ሲገባበት ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ዘንድ ይታያል። ቁጥሩ ስልኩ በመጣበት ካርቶን ላይ ስላለ የሟች ቤተሰብ ካርቶኑን ለመርማሪው ያስረክብ። ታዲያ ቀፎው የተገኘበት ሰው ገዳይ ነው ማለት አይደለም፤ ከገዢው ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ሱቁ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ቀፎው ፍላሽ ተደርጎ ቁጥሩ የተቀየረ እንደሆነም መንገዱ እዚያው ይቋረጣል። የኔትወርክ ማማ መረጃንም ማጋነን አይገባም። ዳር ላይ አንዱ ማማ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን «በአካባቢው ነበር» ከማለት አልፎ «እዚያ ቤት ነበር» አያሰኝም።

ሬሳ ሜዳ ላይ ወይም ያላለቀ ፎቅ ውስጥ ሲገኝ ሰው ከርኅራኄ ነጠላውን ያለብሳል። ነጠላው የራሱን ክርና ጸጉር ያራግፍበታል። ሰው አርቆ 991 መደወል ይበቃል። ደም የነካው ልብስ ፌስታል ውስጥ አይታሸግ፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣና ዲኤንኤው ይበላሻል። ጥላ ሥር ደርቆ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ይግባ። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ያለ የጫማ ዱካ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሳፋ ይደፋበት። ከዚያ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ባትሪ ከጎን ዝቅ ብሎ እየበራ፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ፎቶ ይነሳ። ቀጥሎ ሁለት እጅ ጄሶ በአንድ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ከዳር በቀስታ ይፈስበታል፤ ከላይ በቀጥታ ከወረደ የሶሉን መስመር ይንደዋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነካ ይቆይ።

ምስክር ለይቶ እንዲያሳይ የሚፈለግ ከሆነ የተጠርጣሪው ፊት ቀድሞ በቴሌቪዥን መታየት የለበትም። አንዴ ከታየ ምስክሩ የሚያስታውሰው ወንጀሉ ቦታ ያየውን ይሁን ስክሪን ላይ ያየውን መለየት አይቻልም፤ ጠበቃም ይህንን አይስተውም።

የወሰኑ ነገርም አለ። ሸገር ከተማ በ2015 ከተቋቋመ ወዲህም መንገድ ማዶው የኦሮሚያ ፖሊስ፣ ወዲህ ያለው የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው። ሬሳው እዚህ፣ ተጠርጣሪው እዚያ ሲሆን ደብዳቤ እስኪመላለስ ከላይ ያልነው የካሜራ ቀረጻ ጠፍቶ ይገኛል። የሁለቱ መርማሪዎች በመጀመሪያው ቀን በስልክ ተነጋግረው ቅጂውን ማስቀረት፣ ደብዳቤውን በኋላ ማድረስ ይችላሉ።

በወንጀል ሕጉ ከባድ የሰው ግድያ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ የሚታገደው በ25 ዓመት፣ ተራው በ20 ዓመት ነው። በዚህ መሃል መርማሪ ይዛወራል፣ ጣቢያ ይቀየራል። ተረካቢው ኤግዚቢቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ይፈርም፤ ቤተሰብም የመዝገብ ቁጥሩን ይያዝ። የተሰረቀው ቀፎ ከዓመታት በኋላም ሊከፈት ስለሚችል የአይኤምኢአይ ጥያቄው ለሁለቱም ኦፕሬተሮች በየጊዜው ይታደስ።

የወንጀል ምርመራና የጥብቅና ባለሙያዎች
ከለገጣፎ