የአዳማው ሞተር ሠሪ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እዚህ አዳማ አንድ ትልቅ ሰው ቀብረናል። ስማቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ትንሽ ልጻፍላቸው።

ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወታደር ሳሉ የታንክ መካኒክ ነበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲገኝ እዚያው ነበሩ። ስለ ውጊያው ብዙም አያወሩም። የቲ-55 ታንክ ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከተነሳ ግን አቦሉ በረካ እስኪሆን ያወራሉ።

እኔ በ17 ዓመቴ ነው ጋራዣቸው የገባሁት። ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች እሳቸው ጋ ሞተር ያወርዱ ነበር። ጭሱን አይተው ይናገራሉ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ነጭ ሆኖ ውሃ ከጎደለ፣ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው። ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሲያስሩ ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ። አንዴ ተቻኩዬ ከዳር ጀመርኩ። አልተቆጡም። ብሎኑን በሙሉ አስፈቱኝና ከጎኔ ቆመው እንደገና አሳሰሩኝ። ያን ቀን የተማርኩትን እስከ ዛሬ እበላበታለሁ።

12 ሰዓት ሲሆን ጋራዡ ይዘጋል፤ ደንበኛ ቢለምንም። እጃቸውን ታጥበው፣ ለልጆቹ ሙዝ ገዝተው ቤት ይገባሉ። ያለ እሳቸው እራት አይቀርብም። አራቱንም ልጆች በዚያ ጋራዥ ገቢ አስተምረዋል።

በሰልስቱ ዕለት ትንሿ ልጃቸው ካቻቢቴያቸውን ሰጠችኝ። እጀታው በእሳቸው ጣቶች ልክ ተበልቷል።

የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ከአዳማ